ርካሽ የአየርላንድ የእንጨት ፍሉት ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይፈትሹታል?

ኢንተርኔት ላይ «የአየርላንድ ፍሉት» ብለው ቢፈልጉ ከ100 ዶላር በታች የሚሸጥ፣ ጥቁር ወይም ቀላ ያለ እንጨት፣ ብርማ ቀለበት ያለው፣ በከፋይ በተለበጠ ሣጥን የተኛ ያማረ ዕቃ ወዲያው ይመጣልዎታል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ የምር የሚነፋ ፍሉት ነው። ብዙው ግን ፍሉት መሳይ ነው፤ ቀዳዳ አለው፣ ድምፅም ይወጣዋል፣ ዜማ ግን አይወጣውም። ጀማሪ ሰው ይህን ሊለይ አይችልም። ስድስት ወር ይታገልና «ከንፈሬ እምቢ አለ» ብሎ ይተወዋል፤ ጥፋቱ የከንፈሩ ሳይሆን የቱቦው ነበር። እዚህ የምናስቀምጠው ፍተሻ ያንን ስድስት ወር ለማዳን ነው።

ፍተሻው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የሚያስፈልገው ካሊፐር (የስፋት መለኪያ) ወይም ማስመሪያ፣ የስልክ ባትሪ መብራት፣ ነጭ ጨርቅ፣ ጥቂት ወረቀት፣ እርሳስ፣ ስልክ ላይ የሚጫን ቲዩነር (ቅኝት መለኪያ)፣ ከተገኘም አብሮ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

የምንፈትሸው ምን ዓይነት ፍሉት ነው?

ይህ ፍሉት ከእኛ ዋሽንት ይለያል። ዋሽንት ከጫፉ ነው የሚነፋው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳ አለው፤ ነፊውም ለየቅኝቱና ለየድምፃዊው የሚሆኑ ረዘም አጠር ያሉ በርካታ ዋሽንቶችን ይዞ ይዞራል። የአየርላንዱ ፍሉት አግድም ተይዞ በጎኑ ይነፋል። ስድስት የጣት ቀዳዳ አለው፤ ሁሉም ሲደፈን ዲ የሚባለውን ኖታ ይሰጣል። በዚያ በአንድ ፍሉት ብቻ አብዛኛው ሪልና ጂግ (የአየርላንድ የጭፈራ ዜማዎች) ይነፋል፤ ዜማዎቹ በብዛት በዲ፣ በጂና በእነሱ ዘመዶች ስለሆኑ ነው።

ንድፉ በመሠረቱ አየርላንዳዊ አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ሠሪዎች ለኮንሰርት ሙዚቃ የሠሩት ፍሉት ነው። ጀርመናዊው ቴዎባልድ ቦም እ.ኤ.አ. በ1847 ዛሬ ኦርኬስትራ ውስጥ የምናየውን ባለብዙ ቁልፍ ፍሉት ካወጣ በኋላ፣ ነፊዎቹ ቀስ በቀስ የእንጨቱን እየተዉ ወደ አዲሱ ዞሩ። የተተወው የእንጨት ፍሉት በርካሽ ተሸጠና እንደ ስላይጎ፣ ሮስኮመንና ሊትሪም ባሉ የአየርላንድ አውራጃዎች በገበሬዎችና በሠራተኞች እጅ ገባ። ዛሬ የሚሠራ አብዛኛው ጥሩ የአየርላንድ ፍሉት መነሻው ያ የለንደን ንድፍ ነው፤ ርካሹ ፍሉት የሚከሽፈውም የዚያን ፍሉት መልክ ቀድቶ ውስጡን ስለሚተወው ነው።

የውስጡ ምስጢር ይህ ነው፦ የፍሉቱ ራስ፣ ማለትም መንፊያ ቀዳዳው ያለበት የላይኛው ክፍል፣ ቱቦው እኩል ስፋት አለው፣ ወደ 19 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በታች ያለው አካል ግን ወደ እግሩ (ወደ ታችኛው ጫፍ) እየወረደ ሲሄድ ይጠባል። ይህ መጥበብ ለውበት የተደረገ አይደለም። የታችኛውንና የላይኛውን ኦክታቭ (ከአንዱ ዲ እስከ ቀጣዩ ዲ ያለውን የድምፅ ክልል) የሚያስታርቀው እሱ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት፦ ማስታወቂያው

ፎቶውን ሲያዩ መጀመሪያ ቁልፎቹን ይቁጠሩ። ዋጋው 80 ወይም 120 ዶላር ሆኖ ስድስት ወይም ስምንት ቁልፍ ካለው ይለፉት። አንድን ቁልፍ አየር እንዳያሳልፍ አድርጎ መግጠም የሰዓታት የእጅ ሥራ ነው፤ በዚያ ዋጋ ስምንቱን በትክክል የሚገጥም የለም። አንድ ቁልፍ ቢያሾልክ ደግሞ ከእሱ በታች ያሉት ድምፆች ሁሉ ይደክማሉ። በአነስተኛ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ቁልፍ የሌለውን ይምረጥ፤ ለሙዚቃው ይበቃል።

ለሻጩ የሚከተሉትን ጽፈው ይላኩለት፦

ፍሉቱ ኤ 440 ላይ (ኤ የሚባለው ኖታ 440 ኸርዝ በሚሆንበት በተለመደው ቅኝት) በዲ የተቃኘ ነው? የውስጥ ቱቦው ወደ ታች ይጠባል ወይስ እኩል ነው? የመንፊያ ቀዳዳውን ከላይም ከጎንም በቅርብ ያነሳኸው ፎቶ አለህ? ከታችኛው ዲ እስከ ላይኛው ዲ፣ ከዚያም አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ቀስ ብሎ የተነፋ ቅጂ ትልክልኛለህ? በ14 ቀን ውስጥ ብመልሰው ገንዘቤን አገኛለሁ?

ሥራውን የሚያውቅ ሠሪ እነዚህን በደቂቃ ይመልሳል። «ፕሮፌሽናል ነው፣ ጥራቱ አንደኛ ነው» ብቻ ብሎ የመለሰልዎ ሻጭ የሚሸጠውን ዕቃ ነፍቶት አያውቅም።

የዓይንና የእጅ ፍተሻ

ነጭ ጨርቅ በትንሽ ውኃ ያርጥቡና ከማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ መጋጠሚያው አካባቢ፣ ያሹት። ጨርቁ ከጠቆረ እንጨቱ ተፈጥሮው ጥቁር አይደለም፤ ቀለም የተነከረ ፈዛዛ እንጨት ነው። ቀለም መነከሩ ብቻውን ፍሉቱን አይጥለውም፤ «ኢቦኒ ነው» ብሎ የሸጠልዎ ሰው ግን ሌላውንም ነገር እንዲሁ ነግሮዎት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የአካሉን ውጫዊ ስፋት በካሊፐር ይለኩ። ፍሉቱን ሩብ ዙር አዙረው እዚያው ቦታ ላይ ደግመው ይለኩ። ሁለቱ ልኬቶች ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ እንጨቱ በቶርኖ ከተቀረጸ በኋላ ደርቆ ተጣሟል ማለት ነው። ያልደረቀ እንጨት ሲሠራበት እንዲህ ይሆናል፤ ውጪው ሞላላ ከሆነ ውስጡም ሞላላ ሆኗል።

ስንጥቅ ለማየት ክፍሉን ያጨልሙና የስልክ መብራቱን በአንዱ ጫፍ አስገብተው ፍሉቱን ያዙሩት። በመጋጠሚያዎቹ ጫፍና በራሱ ላይ ያተኩሩ። ራሱ በውስጡ የብረት ቱቦ ካለው ይበልጥ ይጠንቀቁ፦ እንጨት ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ብረቱ ግን አይሸማቀቅም፤ ስለዚህ እንጨቱ ብረቱ ላይ ይወጠርና ይሰነጠቃል። ብረት ያለበት ቦታ ብርሃን ስለማያሳልፍ እዚያ በጥፍርዎ እየዳሰሱ ይፈልጉ። ከአካባቢው ትንሽ የተለየ ቀለም ያለው ቀጭን መስመር ካገኙ በስቱኮ ወይም በሙጫና በእንጨት ብናኝ የተደፈነ ስንጥቅ ነው። መጋጠሚያ ላይ ያለ ስንጥቅ ይጠገናል። በመንፊያው ቀዳዳ በኩል የሚያልፍ ስንጥቅ ካለ ግን በርካሽ ፍሉት ላይ ጥገናው ከዋጋው ይበልጣል፤ አይግዙ።

የጣት ቀዳዳዎቹን ጎን ለጎን ይመልከቷቸው። ከመንፊያው በኩል ጀምረን ከ1 እስከ 6 ብንቆጥር፣ በደንብ በተሠራ ዲ ፍሉት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 5ኛው ሰፊ ነው፣ 6ኛው ጠባብ ነው፣ 3ኛውም ከ2ኛው ያንሳል። ስድስቱም በአንድ መሰርሰሪያ፣ በእኩል ርቀት የተበሱ ከሆኑ ሠሪው ቅኝቱን አላሰበበትም። ለፍሉት መሳይ ዕቃ ከሁሉ ፈጣኑ መለያ ይህ ነው፤ ከፎቶም ይታያል።

የውስጥ ቱቦው

ካሊፐር ካለ የአካሉን የውስጥ ስፋት ከላይኛው ጫፍና ከታችኛው ጫፍ ይለኩ። ከሌለ ወረቀት ይበቃል፦ አንድ ቁራጭ ወረቀት አጥብቀው ይጠቅልሉና ጫፉን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቱቦው ያስገቡት፤ ይልቀቁትና ራሱ ተፈትቶ ግድግዳውን ይንካ፤ ሳይላላ በፕላስተር ያጣብቁት፣ ያውጡትና ስፋቱን ይለኩት። በታችኛው ጫፍ ይድገሙት። ሁለቱን ጥቅሎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው ልዩነቱ ያለ ማስመሪያም መታየት አለበት፤ የታችኛው በብዙ ሚሊ ሜትር ይቀጥናል። እኩል ከሆኑ የያዙት እኩል ቱቦ ነው፤ ራሱም አካሉም እኩል የሆነ ቱቦ ደግሞ የላይኛው ኦክታቭ ዝቅ ይልበታል፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥርም ይብስበታል። በሰምም በሞረድም የሚስተካከል አይደለም።

መጥበቡን ካረጋገጡ በኋላ በአካሉ ውስጥ ወደ መስኮት ብርሃን ይመልከቱ። ግድግዳው ያለ ማቋረጥ የሚያበራ ልስልስ ሽፋን መሆን አለበት። እንደ ደረጃ የተደራረቡ ቀለበቶች ካዩ ሠሪው መጥበቡን በሪመር (እየጠበበ በሚሄድ መፈልፈያ) ከመፈልፈል ይልቅ በተለያየ ስፋት መሰርሰሪያዎች ተራ በተራ በስቶታል። እንዲህ ያለ ፍሉት አንዳንድ ድምፁ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ታፈነ ይሆናል። ከጣት ቀዳዳዎቹ ሥር የተንጨፈረረ የእንጨት ጭረት ካለ አይፍሩት፤ በቀጭን እንጨት ላይ በተጠቀለለ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል።

የመንፊያ ቀዳዳው

ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። የፍሉት ድምፅ የሚወለደው እዚህ ነው፤ የርካሽ ፍሉት ሠሪዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱትም እዚሁ ነው።

መብራቱን ከጎን አብርተው ቀዳዳውን ከላይ ይመልከቱ። ሞላላ ነው፣ ርዝመቱ ወደ 12፣ ስፋቱ ወደ 10 ሚሊ ሜትር። ትንፋሽዎ የሚመታው ከከንፈርዎ ማዶ ያለውን ጠርዝ ነው። ያ ጠርዝ ስለታም እንጂ ክብ መሆን የለበትም። አውራ ጣትዎን በቀስታ ያሳልፉበት፦ ጥሩ ጠርዝ ጥፍርን ይዝ ያደርጋል፣ እንደ አዲስ የተቆረጠ ወረቀት ጥርት ያለ ነው። መጥፎ ጠርዝ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ፋብሪካው ፍሉቱን ለማብለጭለጭ በማለስለሻ መንኮራኩር ላይ ሲይዘው ጠርዙም አብሮ ይሟልጣል፤ በዚያ ላይ ቫርኒሽ ሲቀባ ቫርኒሹ ጠርዙ ላይ ተጠራቅሞ እንደ ደረቀ ጠብታ ወፍራም ከንፈር ይሠራል። ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚያብረቀርቅ እብጠት ካዩ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ፍሉት ሲነፉት ትንፋሽ ይበላል፤ ከድምፁ ይልቅ ነፋሱ ይሰማል፤ ወደ ላይኛው ኦክታቭም ካልጮኹበት አይወጣም።

ቀጥሎ የቀዳዳውን ግድግዳ ይዩ። ከላይ እስከ ቱቦው ያለው ጥልቀት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥሩ ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ሲወርድ ሰፋ ማለት አለበት፤ ሠሪው ከሥሩ በቢላ ፈልፍሎ ያሰፋዋል። ቀጥ ብሎ የወረደ ግድግዳ በመሰርሰሪያ ተበስቶ እንደዚያው የተተወ ነው። ሞላላ ከመሆን ይልቅ ፍጹም ክብ ከሆነም ያው ታሪክ መሆኑን ይጠርጥሩ።

አሁን ራሱን ብቻ ነቅለው ይንፉት። ድምፁ ወዲያው፣ ያለ ማመንታት መምጣት አለበት። ቀስ ብለው ይንፉ፣ ከዚያ ያጥብቁት፤ ድምፁ ሳይሰበር እየወፈረ ከሄደ ጥሩ ነው። ዋሽንት ነፊ ከሆኑ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የከንፈሩ አቀማመጥ ሌላ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ድምፅ ባይወጣዎት የፍሉቱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። አግድም ፍሉት የሚነፋ ማንም ሰው፣ የብረቱን ፍሉት የሚነፋም ቢሆን፣ በአምስት ደቂቃ ይፈትንልዎታል።

የአየር መሾለክ

ራሱን ይያዙ፣ የመንፊያ ቀዳዳውን በጣትዎ ይድፈኑ፣ ክፍቱን ጫፍ አፍዎ ውስጥ አድርገው አየሩን ይሳቡ። ምላስዎ ጫፉ ላይ ተጣብቆ ቢያንስ 5 ሰከንድ መቆየት አለበት፤ ሲያላቅቁት «ጷ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ካልያዘ ወይ በራሱ ጫፍ ያለው ቡሽ ያሾልካል፣ ወይ የተደበቀ ስንጥቅ አለ። ቡሽ ከሆነ ርካሽ ጥገና ነው። ስንጥቅ መሆኑን ለማወቅ ራሱን ዙሪያውን በምግብ መሸፈኛ ስስ ላስቲክ አጥብቀው ይጠቅልሉና ይድገሙት፤ አሁን ከያዘ አየሩ የሚወጣው በእንጨቱ በኩል ነው።

ለአካሉም እንደዚሁ ነው፦ ስድስቱን ቀዳዳዎች በጣቶችዎ ይድፈኑ፣ የታችኛውን ጫፍ ቁራጭ ጠፍጣፋ ላስቲክ ባደረጉበት ጉልበትዎ ላይ ይጫኑት፣ ከላይ ይሳቡ። እግሩ የተለየ ክፍል ከሆነ መጀመሪያ ያለ እሱ፣ ከዚያ ከእሱ ጋር ይሞክሩ፤ መጋጠሚያው ጥፋተኛ መሆኑን በዚያ ይለያሉ። በርካሽ ፍሉቶች ላይ በብዛት የሚያሾልከው መጋጠሚያ ነው። ወንዴው ሴቴው ውስጥ ሲገባ ቢወዛወዝ ክሩ ወይም ቡሹ ቀጥኗል፤ መድኃኒቱን ወደ በኋላ እንሰጣለን። ዝቅተኛው ዲ የማይወጣዎት ከሆነ፣ ጣትዎን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ፍተሻ ይሥሩ።

የቅኝት ፍተሻ

ፍሉቱን ቢያንስ 10 ደቂቃ ነፍተው ያሙቁት። ሙቀት ቅኝትን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 3 ሴንት ያህል ይለውጠዋል (100 ሴንት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው)፤ ስለዚህ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ይሥሩ። አዲስ አበባ ላይ ሆነው የሚፈትሹ ካሉ ከፍታው ቅኝቱን አያዛባባቸውም፤ የድምፅ ፍጥነት በአየር ሙቀት እንጂ በከፍታ ምክንያት በሚመጣው የግፊት መቀነስ አይለወጥም። የጥዋቱ ብርድ ግን ያዛባል።

ራሱ የሚንሸራተት ቱቦ ካለው 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያውጡት፤ ጂን ነፍተው ቲዩነሩ ላይ ዜሮ እስኪያሳይ ያስተካክሉ። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ገብቶም ጂ ዝቅ ካለ ፍሉቱ ረጅም ተደርጎ ስለተሠራ ከሌላ ሰው ጋር አይነፋበትም። በተቃራኒው ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ማውጣት ካስፈለገም ችግር ነው፤ ሲወጣ እንደ ሲ ሻርፕ ያሉት አጭር ቱቦ የሚጠቀሙ ድምፆች ከዲ ይበልጥ ስለሚወርዱ ቅኝቱ እርስ በርሱ ይጣላል።

ከዚያ ቲዩነሩን ለሌላ ሰው ይስጡ። እርስዎ ካዩት ሳያውቁት በከንፈርዎ ያስተካክሉታል፤ የሚለካው ፍሉቱ ይሁን እንጂ የእርስዎ ጆሮ አይደለም። እያንዳንዱን ድምፅ 4 ሰከንድ ያህል በእኩል ትንፋሽ ይንፉ፣ ባልደረባዎ ቁጥሩን ይጻፍ። ● የተደፈነ፣ ○ ክፍት ነው፤ ከግራ የመጀመሪያው ለመንፊያው የቀረበው ቀዳዳ ነው።

ዲ ●●● ●●● 293.7 ኸርዝ
ኢ ●●● ●●○ 329.6
ኤፍ ሻርፕ ●●● ●○○ 370.0
ጂ ●●● ○○○ 392.0
ኤ ●●○ ○○○ 440.0
ቢ ●○○ ○○○ 493.9
ሲ ናቹራል ○●● ○○○ 523.3
ሲ ሻርፕ ○○○ ○○○ 554.4
ላይኛው ዲ ○●● ●●● 587.3

ቁጥሩን እንዴት ያነቡታል? ለምሳሌ አንዱ ፍሉት ዲ 12 ሴንት ዝቅ፣ ኤፍ ሻርፕ 18 ዝቅ፣ ኤ 8 ከፍ፣ ሲ ሻርፕ 14 ዝቅ ቢል ይግዙት። ቁልፍ በሌለው ፍሉት ላይ ኤፍ ሻርፕና ሲ ሻርፕ ትንሽ መውረዳቸው፣ ኤም መጠነኛ መውጣቱ የንድፉ ጠባይ ነው፤ ጥሩ ፍሉቶችም አላቸው፣ ነፊውም በከንፈሩ ያስተካክላቸዋል። ሌላው ግን ዲ 48 ዝቅ፣ ኤ 31 ከፍ፣ ሲ ሻርፕ 40 ዝቅ ቢል ይመልሱት። ከ10 ሴንት በታች የሆነ ስሕተት በነፋ ቁጥር ሳያስቡት ይስተካከላል፤ እስከ 20 ድረስ በልምምድ ይያዛል፤ ከ25 ካለፈና በሦስት በአራት ድምፆች ላይ ከሆነ ፈጣን ሪል እየነፉ የሚያሳድዱት አይሆንም። ለሲ ናቹራል ራራ ይበሉለት፤ አንዱ አያያዝ ከፍ ካለብዎ ○●● ●○● ይሞክሩ።

ዝቅ ያለ ዲ ርካሽ ፍሉቶች ላይ በብዛት የሚታይ በሽታ ነው፤ ምንጩም ይታወቃል። ከአሮጌዎቹ የለንደን ፍሉቶች ብዙዎቹ የእግራቸው ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር፤ ልኬታቸውን እንዳለ የቀዳ ሠሪ ስሕተቱንም አብሮ ይቀዳዋል። የአየርላንድ ነፊዎች ደግሞ ከሌላው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ያንኑ ዲ ነው፤ አየርላንዳዊውን ፍሉት ነፊ ማት ሞሎይን የሰማ ሰው ያ ድምፅ እንዴት ጠርዝ እንዳለው ያውቃል። ስለዚህ ከቅኝቱ በተጨማሪ ዲን አጥብቀው ይንፉት። ወደ ላይኛው ኦክታቭ ሳያመልጥ ጠንክሮ ከቆመ ፍሉቱ ብዙ ነገሩ ትክክል ነው።

አሁን ኦክታቮቹን ያነጻጽሩ። ኢን፣ ጂን፣ ኤን፣ ቢን ከታች ይንፉ፤ ጣትዎን ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርዎን አጥብበው ወደ ላይ ያውጧቸው። የታችኛው ዜሮ ላይ ከሆነ የላይኛውም ከዜሮ 10 ሴንት ባልራቀ ቦታ መቀመጥ አለበት። አራቱም በተመሳሳይ መጠን ዝቅ ካሉ ቡሹ ከቦታው ሸሽቶ ሊሆን ስለሚችል ተስፋ አለ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ዝቅታው እየባሰ ከሄደ የቱቦው ቅርጽ ነው፤ በወረቀት ጥቅሉ ያዩት ያው እኩል ቱቦ።

ጥቂት ስለ እንጨቱ

ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት የእንጨቱን ዓይነት ነው፤ ለእኛ ግን መጨረሻ ነው። ምርጥ ፍሉቶች በብዛት ከአፍሪካ ብላክዉድ ይሠራሉ፤ ከታንዛኒያና ሞዛምቢክ ይወጣል፣ ዛፉ በኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎችም ይበቅላል። ከባድ፣ ዘይታማ፣ ለመሥራት አስቸጋሪና ውድ ነው፤ በ60 ዶላር ከዚህ እንጨት ተሠራ የሚል ማስታወቂያ አይመኑ። የርካሾቹ እንጨት በአብዛኛው ከፓኪስታንና ከሕንድ የሚመጣው ሺሻም ነው። ሺሻም ራሱ መጥፎ አይደለም፤ በደንብ ከደረቀና በደንብ ከተሠራ ጥሩ ይነፋል። መጥፎ የሚያደርገው ችኮላው ነው። በመጥፎ ልኬት የተሠራ ብላክዉድ በጥሩ ልኬት ከተሠራ ፕላስቲክ ያንሳል።

ሊጠገን የሚችለው

መጋጠሚያው ከላላ፣ ተራ የጥጥ ክር በንብ ሰም አሽተው ይጠቅልሉበት። መጀመሪያ አንድ ሁለት ዙር አመሳቅለው፣ ከዚያ ጎን ለጎን እኩል አድርገው። በእጅዎ እያዞሩ ሲያስገቡት ሳይታገልዎ፣ ሲለቁት ግን ሳይወዛወዝ ይቁም። ክሩን አያብዙ። ወፍራም ክር ወንዴውን ሽብልቅ ያደርገውና ሴቴውን ከውስጥ ይፈልጠዋል፤ በአሮጌ ፍሉቶች ላይ የምናየው የመጋጠሚያ ስንጥቅ ብዙው ከዚህ የመጣ ነው።

ቡሹ ከመንፊያው ቀዳዳ መሐል 19 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል። እርሳስ ላይ ከጫፉ 19 ሚሊ ሜትር ምልክት አድርገው በራሱ ክፍት በኩል ቡሹን እስኪነካ ያስገቡት፤ ምልክቱ በቀዳዳው መሐል መታየት አለበት። የላይኛው ኦክታቭ ዝቅ ካለ ቡሹን ወደ ቀዳዳው ያስጠጉ፣ ከፍ ካለ ያርቁት፣ በአንድ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ማንቀሳቀስ ካስፈለገ ችግሩ ሌላ ነው።

አንድ ድምፅ ከፍ ካለ ድምፁ በሚወጣበት ክፍት ቀዳዳ ውስጥ፣ ለመንፊያው በቀረበው ጎን፣ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የሚያህል ሰም ይለጥፉ፤ ኤ ከፍ ካለ ለምሳሌ 3ኛው ቀዳዳ ነው። ዝቅ ካለ ቀዳዳውን ከዚያው ጎን በክብ ሞረድ በማስፋት ይነሳል፤ ግን 0.2 ሚሊ ሜትር ሞርደው ይንፉ፣ ይለኩ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። ሰም ይነሳል፣ የተሞረደ እንጨት ግን አይመለስም። የመንፊያውን ቀዳዳ በራስዎ አይንኩት። ጠርዙ ላይ የተጠራቀመ ቫርኒሽ ካለ ብቻ በአዲስ ምላጭ፣ ከእንጨቱ ሳይደርሱ፣ ይላጡት።

እነዚህን ሁሉ አድርገውም ካልሆነ፣ ያንን ገንዘብ ዳግም በሌላ ርካሽ እንጨት ላይ አያፍሱት። ዴልሪን ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠሩ ቁልፍ አልባ ፍሉቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ከ200 እስከ 500 ዶላር ይሸጣሉ፣ ልኬታቸው የደህናዎቹ የእንጨት ፍሉቶች ነው፣ አይሰነጠቁም። ገንዘቡ እስኪጠራቀም ድረስ በዲ የተቃኘ ቲን ዊስል (ከጫፉ የሚነፋ ትንሽ የቆርቆሮ ፉጨት) ይግዙ። ዋጋው ከ20 ዶላር ብዙም አያልፍም፤ የጣት አያያዙም አንድ ስለሆነ የተማሩት ዜማ ሁሉ በኋላ ወደ ፍሉቱ ይሻገራል።

ከተገዛ በኋላ

አዲስ የእንጨት ፍሉት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ይነፋል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ቢነፋ ውስጡ ርሶ ያብጣል፣ ውጪው ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። ሲጨርሱ በእንጨት ዘንግ ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ውስጡን ያድርቁ፣ መጋጠሚያዎቹንም ነቅለው ያስቀምጡ።

በወር አንድ ጊዜ ውስጡን በስሱ የአልሞንድ ወይም የተልባ ዘይት ይቀቡ፣ ሌሊቱን ያሳድሩትና ጠዋት ይጥረጉት። ዘይቱ የመንፊያው ጠርዝ ላይ እንዳይጠራቀም ይጠንቀቁ።

ከባሕር ጠረፍ ወደ ደረቅ ስፍራ የሄደ ፍሉት ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል፦ በአዲስ አበባ በጋ፣ በዱባይ አየር ማቀዝቀዣ ሥር፣ በዋሽንግተን ክረምት ማሞቂያ ባለበት ቤት። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ ክዳኑ ከተበሳ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ካለ እርጥብ ስፖንጅ ጋር ያስቀምጡት፤ ርካሽ የእርጥበት መለኪያም ይጨምሩ፤ ከ45 እስከ 60 በመቶ መካከል ይሁን። ቀለበቶቹ ላልተው መዞር ከጀመሩ እንጨቱ እየደረቀ ነው፤ ስፖንጁን የዚያኑ ዕለት ያርጥቡ።

የቅኝት ቁጥሮቹን የጻፉበትን ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ይተዉት። ከወር በኋላ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ቱቦ አወጣጥ ይድገሙት። ቁጥሮቹ እዚያው አካባቢ ካሉ እንጨቱ ረግቷል። ሁለት ሦስቱ በ15 ሴንት ከተንቀሳቀሱ የአካሉን ስፋት ሩብ ዙር እያዞሩ እንደገና ይለኩ፤ ሞላላ መሆን ከጀመረ ለሻጩ ይጻፉ።